የመስኮት አጣቢዋ ምርጫ

ጦጣው ወንድሜ፣ እንዴት ከረምክ? እኔ ደህና ነኝ፤ ቅናት ብቻ አንጀቴን አሳረረው።

ትናንት በከፍታ ሥራ ሥልጠናው ላይ አሰልጣኙ ጠረጴዛ ሙሉ ካራቢነር፣ ማለትም ገመድ የሚያያዝበትን የብረት መንጠቆ ዘርግቶ፣ «ሕይወታችሁን የምታንጠለጥሉበትን አንድ አንሱ» አለን። እኛ ዘንድ ሁለት አሮጌ መንጠቆ እየተቀባበልን ነው የኖርነው፤ እዚህ እንደ ሽንኩርት ይመረጣል። እኔ ቀላሉንና የሚያብረቀርቀውን አነሳሁ፤ ልክ ያንተን ዓይነት። አጠገቤ የነበረችው መስኮት አጣቢ ከባዱን፣ በራሱ የሚቆለፈውን ብረት መረጠች። አሰልጣኙ ገመዱን በእኔ መንጠቆ መክፈቻ ላይ ጫን ሲያደርገው ተከፈተ። የእሷ ንቅንቅ አላለም። «ከእሷ ተማሩ» ሲል፣ አሥራ አምስት ዓመት ገመድ ላይ የኖርኩት እኔ ምራቄ መረረኝ።

ለእረፍት ስንወጣ «ማን አስተማረሽ?» አልኳት በሽሙጥ።

«የባሌ ሞት» አለች ቀስ ብላ። «እሱ የወደደው ያንተን ዓይነት መንጠቆ ነበር።»

የምገባበት ጠፋኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ በምርጫዋ አሁንም እቀናለሁ። አንተ ግን ይህ እንደደረሰህ ያቺን የምታብረቀርቅ መንጠቆህን ከመታጠቂያህ ፍታት፤ ቁልፍ ማንጠልጠያ ትሁንህ።

ካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። የእማማን ጉልበት፣ የልጆቹን ጉንጭ ሳምልኝ። ካርዱን ግን ለባለቤትህ አታሳያት፤ ትሰጋለች።