በመንጂያ ስም ስለወጣው የቡድን የጉዞ ካርድ

ለተከበሩ የተራራው ባቡር ድርጅት የመንገደኞች ጉዳይ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ የተሟላ፣ ቤተሰብዎ ደኅና፣ በተለይም የዓይንዎ ብርሃን ሙሉ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ኡርሲና ዴራንግስ የመንደራችን የመዘምራን ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። ደኅና ነኝ እንዳልል ከመስከረም ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ያወጣሁት ለአራቱ የግል ደብዳቤዎቼ የላኩልኝን አንድ ዓይነት መልስ ብቻዬን ይዤው መቅረት ስላልወደድሁ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ምርጫው ብዛት አመሰግናለሁ። አሥራ አንድ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በዓመት አንዴ ለሦስት ቀን ወደ ተራራ እንድንወጣ ድርጅትዎ የቀን፣ የሳምንት፣ የቤተሰብ፣ የቡድን፣ ውሻ ላለውም ለብቻው ካርድ አዘጋጅቶ ስለጠበቀን፣ ወረቀቱን የኩሽና ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ ሁለት ቀን ሙሉ ሳነብ ቆይቼ ራሴን ቢያዞረኝ ስልክ ደወልሁ። ሠራተኛዎም፣ እግዜር ይስጣት፣ «እትዬ፣ አብራችሁ ከሆነ የምትሄዱት የቡድኑን ይውሰዱ፤ አንድ ስም ብቻ ነው የሚጻፍበት፣ ምንም አያስቸግርም» አለችኝ። በእኛ ማኅበር ልማድ ካርዱ የሚወጣው በዓመቱ የክብር ሰው ስም ነው፤ ስንመለስም በመስተዋት ተከቶ የመለማመጃ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ዘንድሮ ክብሩ የመንጂያ ካዱፍ ነበረና የእሷን ስም አስጻፍሁ።

መንጂያ ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው። ከመጨረሻው ጣቢያ ፊት ለፊት፣ በግጦሹ ላይ፣ በልጅነቷ ከአባቷ ጋር አይብ ስትሠራ ያደገችበት ጎጆ አለ። ሐኪሟ በነሐሴ «ከገና በፊት ዓይንሽ ጨርሶ ይጠፋል» ሲላት፣ ወደ ልምምድ መጥታ «እንግዲያው ጎጆዬን ልያትና ይጥፋ» አለችን። መንገዱንም ካርዱንም የመረጥነው ለዚያች ጎጆ ስንል ነው።

ሁለተኛ፣ ሰዓት አክባሪነትዎን አደንቃለሁ። ባቡር ለመቀየር አራት ደቂቃ ፈቅደውልን ነበር፤ ባቡርዎም በአራተኛው ደቂቃ በሩን ዘግቶ ሄደ። እኔ ከመዘምራኑ አንዱ ፍሉሪን የመንጂያን ክንድ ይዟል ብዬ ቦርሳዋን ተሸክሜ ገባሁ፤ ፍሉሪንም ኡርሲና ይዛታለች ብሎ ገባ። ይህን በእርስዎ አላላክክም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አንጀቴን የሚበላኝም እሱ ነው። በመስኮት ሳያት ብቻዋን ቆማ፣ እኛ ወደሌለንበት ባቡር እጇን ታውለበልብ ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ ደንብዎ ጥንካሬ። ተቆጣጣሪዎ ካርዱን አገላብጦ «መንጂያ ካዱፍ የትኛዋ ናት?» አለ። ጣቢያ ላይ ቀረች ብንለው «ባለ ስሟ ከሌለች ካርዱ አይሠራም» ብሎ አሥራችንንም በሚቀጥለው ማቆሚያ አወረደን። ደግ ነው፣ እሷም በኋለኛው ባቡር ትመጣለች ብለን ተጽናናን። እውነትም ሰው ለምና ተሳፍራ ነበር፤ ነገር ግን ያኛው በየጣቢያው የሚቆም ባቡር ስለነበር እኛ ዘንድ ሳይደርስ ትኬት ተጠየቀች። «ስሜ ያለበት ካርድ በፊተኛው ሄዷል፤ የቀረሁት እኔ ነኝ» ብትለው ተቆጣጣሪው «እማማ፣ ካርዱን ካላየሁ ምን ላድርግ?» ብሎ ክንዷን በትሕትና ደግፎ አወረዳት። በዚያች ጠዋት ክንዷን በደንብ የያዘላት ሰው እሱ ብቻ ስለሆነ ምስጋናዬን ያድርሱልኝ።

በኋለኛው ባቡር ብናጣት ፍሉሪን ወደ ኋላ ተመልሶ፣ ባወረዷት ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኛት። ለየብቻ ትኬት ቆርጠን ላይ ስንደርስ ቀኑ ተጋምሶ ነበር። የጣቢያው ሻይ ቤት ባለቤት «ምነው ጠዋት ብትመጡ! ሁሉም ወለል ብሎ ይታይ ነበር» አለችን። እኛ ስንደርስ ግን ጉም ወርዶ ነበር፤ እስክንመለስ ድረስም አልተነሣም። መንጂያ ፊቷን ወደ ግጦሹ አዙራ ብዙ ከቆመች በኋላ «ኡርሲና፣ ይሄ ዓይኔ ነው ወይስ ጉም ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ጉም ነው አልኋት። «ተመስገን» አለች።

አራተኛ፣ «ደንቡ በካርዱ ጀርባ ተጽፏል» ስላሉበት መልስዎ። እውነትዎን ነው፤ አጉሊ መነጽር ተውሼ አግኝቼዋለሁ። ካሣ አልጠይቅም። የምለምነው ወደፊት አንድ ሰው ወደ ኋላ ሲቀር ተቆጣጣሪዎ ለሌላኛው ተቆጣጣሪ ስልክ እንዲደውል ብቻ ነው፤ ደንቡ ይህን ከከለከለ ግን እባክዎ እንዳይቸገሩ።

ባቡርዎ ሳይዘገይ፣ ደንብዎ ሳይላላ፣ አራት ደቂቃዎም ሳትጨምር ሳትቀንስ ረጅም ዕድሜ ይስጥዎ እያልሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

በሰዓቷ የተሳፈረችው
ኡርሲና ዴራንግስ

ማስታወሻ፦ ለይቅርታ የላኩልን አዲስ የቡድን ካርድ «እይታው አያምልጥዎ» ከሚል ጽሑፍ ጋር ደርሶናል። የመንጂያ ዓይን ሐኪሙ እንዳለው ከገና በፊት፣ በታኅሣሥ፣ ጠፋ፤ ሰዓት ማክበርን ከድርጅትዎ የተማረ ይመስላል። ካርዱን በእጇ ዳብሳ «ፎቶ አለበት? ጎጆዬ ትታያለች?» አለችኝ። ትታያለች፣ በሯም ክፍት ነው አልኋት። ፎቶው ላይ ያለው ባቡርዎ ብቻ ነው።