ራይት የተደረገበት ዝምታ

እሁድ፣ የካቲት 1

ለሌላ ሰው አይነገርም። ላንቺ ግን ልንገርሽ፣ ማስታወሻዬ። ዛሬ ተኳኩዬ፣ አዲሱን ሻሼን አስሬ ኮምፒውተር ፊት ተቀመጥኩ። በሱ ስደውል ገና የመጀመሪያዬ ነው፤ ካሜራ የለውም። ድምፅ ብቻ ነው። ቢሆንም የምጠየቀው ስለ ባል ነው፤ በቤት ቀሚስ ይመለሳል?

ድሬዳዋ፣ ወንድሜ ጀማል ቤት፣ ሁሉም ተሰብስበዋል። አባባ ጉሮሮውን ጠረገ። ሙክታርን ታገቢዋለሽ ወይ አለኝ። እሺ አልኩ። እወደዋለሁ፣ ምን እደብቅሻለሁ። ግን የጨርቅ ሱቄን አልዘጋም፣ የምንኖረውም እዚሁ ጅቡቲ ነው አልኩ። ጥርት አድርጌ።

ለካ እኔ እሰማቸዋለሁ እንጂ እነሱ አይሰሙኝም።

«ዝም አለች?» አለ አባባ።

«የልጃገረድ ዝምታ እሺታዋ ነው። ሌላ ምን ትበልህ?» አክስቴ ናት።

ከዚያ እልልታ። እኔ ማይኩን ልውጠው ምንም አልቀረኝም፤ «ግን አለው፣ ግን አለው» እላለሁ። ማን ሰምቶኝ። ኒካው ለዓርብ ተቆረጠ።

«እሺ»ዬ ድሬ ገባ። «ግን»ዬ እዚሁ ጅቡቲ፣ ሰፈሬ ካርቲየ ሁለት ቀረ።

ሰኞ

ለጀማል በኮምፒውተሩ ጻፍኩለት። መልሱ፦ «እቴ፣ ይሄን ለአባባ እኔ አልነግርም። በራስሽ አፍ።» ስልክም አይሆንም። አባባ ስልክ ላይ አይሰማም፤ «አሚን፣ አሚን» ብሎ ይዘጋዋል።

ስለዚህ ማይኩ መዳን አለበት። ነቅዬ ሰካሁት። ከሮዙ ቀዳዳ ወደ አረንጓዴው አዛወርኩት። ባሰበት። መለስኩት። አጥፍቼ አበራሁ። የድምፁን መስኮት ከፈትኩ፤ ሳጥኖቹ ሁሉ ራይት አላቸው። ኮምፒውተሩን የገዛሁ ዕለት ራሴ ነኝ ራይት ያደረግኳቸው፣ አንድ ሳላስቀር። ጽሑፉ ፈረንሳይኛ ነው፤ የኔ ፈረንሳይኛ ከሜትርና ከዋጋ አያልፍም። ግን ራይት ራይት ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ክፉ ሆኖብኝ አያውቅም።

ማክሰኞ

ኮምፒውተር ጠጋኙ መጣ። ሳይከፍተው ፈረደ፦ ሳውንድ ካርዱን የባሕር ጨው በልቶታል። መስሚያውን ትቶ መናገሪያውን ብቻ የሚበላ ጨው። አዲስ የሚጭን መርከብ እስኪገባ ጠብቂ አለኝ። መርከቡ ለዓርብ አይደርስም።

አየሩ ግን ደስ ይላል። ቬንቲላተር አጥፍቼ መስኮት ከፍቼ ሰፋሁ። መናደድ ነበረብኝ፣ አልሆነልኝም። የሚያገባ ሰው እንዴት ይናደዳል።

ረቡዕ፣ ከሰዓት

ፋጡማ ቀሚሷን ልትለካ መጣች። ጎረቤቴ፣ የዚሁ አገር ልጅ፤ አማርኛዋን ከሱቄ ነው የለቀመችው። መርፌው እንዳይወጋት ዞር ስትል ስክሪኑን አየች። ሳቀች። ልኬቱ ሁሉ ተበላሸ።

«ነጃት፣ ማነው ሙዌ ያደረገሽ?»

ሙዌ ምንድነው አልኩ። ከንፈሯን በሁለት ጣት ቆነጠጠች። ድዳ ማለት ነው። ማይክሮፎን ከሚለው ሥር «ሙዌ» ይላል፣ አጠገቡ የኔ ቆንጆ ራይት። ድዳ ነኝ ብዬ አረጋግጬ ነው የተቀመጥኩት።

ራይቱን አጠፋችው። ሄሎ አልኩ። ስክሪኑ ላይ ድምፅ የምታሳየው አረንጓዴ መስመር ዘለለች።

ለማንም እንዳትነግሪ አልኳት። «ወላሂ፣ ዋራበሌ ሰፈር ላለችው እህቴ ብቻ» አለች። አለቀልኝ።

ሐሙስ፣ ከመግሪብ በኋላ

ሁሉም እንደገና ተሰበሰቡ። የቤት ቀሚስ ለብሻለሁ። አባባ ሰማኝ። ያን ዕለት ምነው ዝም አልሽ አለ። ድዳ ተደርጌ ነበር አልኩት። ሳቀ። ከዚያ «ግን»ዬን አወጣሁ። ሱቁን፣ ጅቡቲን፣ ሁሉን።

«ይሄማ የኔ ጥያቄ አይደለም። ባለቤቱ እዚህ ተቀምጧል» አለ አባባ።

ሙክታር እዚያ መኖሩን አላወቅኩም። ለንግድ ጅቡቲ በመጣ ቁጥር ሙቀቱን ረግሞ፣ ሳያድር ድሬ የሚመለሰው ሙክታር። ወንበር ተንቋቋ። ረጅም ትንፋሽ። ከዚያ ጸጥ።

አክስቴ እልልታዋን ጀመረች። አባባ ያዛት፦ «ቆይ አንቺ፣ የወንድ ዝምታ እሺታ ነው ያለሽ ማነው?»

መስመሩ ተቋረጠ።

ማይኬን አየሁት። አረንጓዴዋ ትዘላለች። በኔ በኩል ሰላም ነው።

ስለዚህ ወሰንኩ። ነገ ከኒካው በፊት እደውላለሁ። «ግንሽንም ተቀብያለሁ» ብሎ በገዛ ድምፁ ካልተናገረ ኒካ የለም። የሱን ዝምታ ራይት አላደርግለትም። ምን እንዳለኝ፣ ሻሼን እንኳ ሳልፈታ መጥቼ ላንቺ ነው የምነግረው።