በሮቢ አሸዋ ላይ የፈተንካት ጠመንጃ

ይመር፣ የልጆቼ አባት፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ከተለየኸን ወዲህ ማሽላችን ሁለት ጊዜ ታጨደ። የመጀመሪያው ዓመት እንዴት እንዳለፈ አላውቀውም፤ ሌላ ሰው ዘርቶ ሌላ ሰው ያጨደው ይመስለኛል። የዘንድሮውን ግን አውቀዋለሁ። ልጽፍልህ የተቀመጥኩትም በእሱ ምክንያት ነው።

ቤቱ ደህና ነው። ከድር ሸዋ ሮቢት ባጃጅ ይነዳል። ሐያት ደብረ ሲና ተድራለች፤ ብርዱን ለመድኩት ትላለች፣ ስትደውል ግን ሁልጊዜ ጉንፋን እንደያዛት ነው። የሚያፈሰው ጣሪያ ላይ አዲስ ቆርቆሮ አስመታን። ወንድምህ ሁሴን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከእርሻ ሲመለስ ደጃፍ ላይ ቆሞ እንዴት ዋልሽ ብሎኝ ያልፍ ነበር። ወደ ውስጥ እንደማይገባ አንተም ታውቅ ነበር።

የማይገባው በጠመንጃዋ የተነሳ ነበር። አያታችሁ ትተዋት የሄዱት ያቺ ቆመህ ጠብቀኝ፣ ባሩዱንም አረሩንም በአፈሙዟ የምትጎርሰው አሮጌ፣ ከበሩ ፊት ለፊት ተሰቅላለች። ከርከሮ ማሽላውን የጨረሰብን ዓመት አንተ አጎረስካት፣ ሁሴን ተኮሰ። እሳቱ በጎኗ ወደ ኋላ ወጣና ጉንጩን ላጠው። ዓይኑን አላህ አተረፈለት፤ ጠባሳው ግን ቀረ። አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰህም። አንተን የጎዳህ ያ ዝምታው ነው። ምንም ሳልጠይቅህ «ያጎረስኳት እኔ ነኝ፣ ዘይነባ» ትለኝ ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን አውጥቶ ይጥላት ነበር። አንተ ግን በጋውን ሙሉ፣ ከምትሠራበት ጋራዥ ስትወጣ፣ ወደ ደረቀው የሮቢ ወንዝ አሸዋ ይዘሃት ወረድክ። እኔንም ወሰድከኝ። ከአሮጌ ጎማ ጋር ታስራታለህ፣ ከቋጥኝ ጀርባ ሆነህ ቃታዋን በረጅም ሲባጎ ትስባለህ። ከመተኮሷ በፊት በጎኗ በኩል ነጭ ጨርቅ እወጥራለሁ፤ ከተተኮሰ በኋላ ጨርቁን አብረን እናያለን። እሳቱ በጎኗ ባለችው ትንሽ ብሎን ቀዳዳ ገብቶ ባሩዱን እንደሚያቀጣጥል፣ ብሎኗ በደንብ ካልታፈነች ግን በዚያው ተመልሶ እንደሚወጣ ያስረዳኸኝ ያኔ ነው። «ጓርኒሲዮኑ ነው ጥፋተኛው» አልከኝ፣ ብሎኗን የሚያፍነውን ቀለበት ማለትህ ነው፣ ስለ መኪና እንደምታወራ ሁሉ። ሰም ሞከርክ፣ ቀለጠ። የበሬ ቆዳ ክብ አድርገህ ቆርጠህ ገጠምክ፤ ጨርቁ ነጭ እንደሆነ ቀረ። ደስ ያለህ መስሎኝ ነበር። አንተ ግን ብሎኗን እየጠረግህ፣ ቆዳ በዚህ በእኛ ሙቀት አያስተማምንም፣ ክረምቱ ይለፍና እንደገና ትፈተን አልክ።

ክረምቱ ሳይወጣ ኩላሊትህ ጣለህ። አልጋ ላይ ሆነህ እንኳ ያሳሰበህ እሷ ነበረች። «ቆዳው ከደረቀ መዳብ ይሞከር። ሳትፈተን ማንም ጉንጩን አያስጠጋባት» አልከኝ። እሺ አልኩህ። እንዲህ ያለ አደራ መቼ እንደሚጠየቅ ማን ያውቃል።

ዘንድሮ ማሽላው እሸት ሲይዝ ከርከሮው መጣ። ማማ ላይ ወጥተን ጣሳ ደበደብን፣ ወንጭፍ ወረወርን። ለመደው፤ ቆሞ ያየናል። አንድ ጠዋት ሁሴን የተጋደመውን ማሽላ አይቶ መጣና ደጃፉ ላይ ቆመ። «እትዬ፣ ጠመንጃዋን አውርጅልኝ» አለኝ።

አውርጄ አልሰጠሁትም። መጀመሪያ አሸዋው ላይ እንወስዳታለን አልኩት። ምን እንደምል አልገባውም ነበር፤ ግን ተከተለኝ። ከጎማው ጋር አስሬያት፣ ጨርቁን ወጥሬ፣ ከቋጥኙ ጀርባ ሆኜ ሲባጎውን ሳብኩ። ጨርቁ ተበስቶ፣ ዳር ዳሩ ጠቁሮ ወጣ፤ ቆዳው ደርቆ ኖሯል። ሁሴን ጨርቁን አየ፣ ጉንጩን ያዘ፣ ወደ ቤቱ ሄደ።

እኔ ወደ ጋራዥህ ሄድኩ። ባልደረባህ ተስፋዬ ከወፍራም የኤሌክትሪክ ሽቦ መዳብ ቆርጦ፣ በእሳት አለስልሶ፣ እየቀጠቀጠ ቀለበት ሠራልኝ። ስለ አንተ ትንሽ አወራን። ሦስት ማለዳ ብቻዬን ወረድኩ። ባሩዱን ሳሳንሰው አረሩ አሸዋው ላይ ወደቀ፤ ስጨምረው ጎማውን ጎትታ ዘለለች። በመካከለኛው ልክ አረሩ አንድ የቁልቋል ግንድ በስቶ ገባ። በሦስቱም ቀን ጨርቁ እንደ ነጭነቱ ነው። ጨርቆቹን አጥፌ ለሁሴን ወሰድኩለት። ይመር በጋውን ሙሉ ሲሠራ የነበረው ይህንን ነው አልኩት።

«ለምን አልነገረኝም?» አለ።

«እርግጠኛ ሳይሆን ሊነግርህ አልፈለገም» አልኩት።

በማግስቱ አብረን ወረድን። ሁሴን «ጎማው ይቅር» አለ። ቢስሚላህ ብሎ ሰደፉን ትከሻው ላይ አደረገ፤ ጉንጩን ለማስጠጋት ግን ብዙ ጊዜ ወሰደበት። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ድምፁ ወንዙን ይዞ ወረደ። ስገልጥ ሁሴን መዳፉን ጉንጩ ላይ አድርጎ ቆሟል፤ መዳፉን አንስቶ አየው፣ ገለበጠው፣ አሁንም አየው። ከዚያ አሸዋው ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። በቀብርህ ቀን አላለቀሰም ነበር፤ ሰው ሁሉ አምቶታል። እኔም ሳልናገር አምቼዋለሁ። አጠገቡ ተቀምጬ እስኪበቃው ጠበቅሁት።

ከርከሮው ሁለት ጊዜ ድምፅዋን ሲሰማ ሸሽቶ ወደ ቆላው ወረደ። ማሽላው ተረፈ። አሁን ሁሴን ቤት ገብቶ ይቀመጣል፣ ምሳ ይበላል፣ ጨው በዛ ብሎም ይቆጣኛል።

ይመር፣ ከአውድማው መጀመሪያ የተሰፈረውን በስምህ ሰደቃ አውጥተናል፤ አላህ እስካቆየን በየዓመቱ እናወጣለን። አንተን አልረሳም ብዬ ልማል አልኩና ምን መሐላ ያስፈልገዋል አልኩ። አላህ ቀብርህን ያስፋልህ። ዱዓ ስናደርግ ስምህን ቀድሞ የሚያነሳው ሁሴን ነው፤ እኔ ከኋላው አሚን እላለሁ።

ዘይነባህ