የማቴዎስ ጀርባና የእናቱ እጅ

ሰኞ

ዛሬ በማቴዎስ እናት ላይ ጮህኩ። ሴትየዋ ከቱላ እስከ ሆስፒታሉ በእግራቸው መጥተው፣ እኔ ጓንት ሳጥብ፣ ከልጃቸው ጀርባ ሥር የእንሰት ቅጠል አንጥፈዋል። መግል በያዘ ቁስል ላይ ቅጠል! ነጥቄ ጣልኩት። አማርኛ አይሰሙም፤ ፊቴን አይተው ግን ገባቸው። ልጁ «ይተዉአት ሲስተር፣ አታውቅም» አለኝ። አፈርኩ።

ማቴዎስ ከብሔራዊ ውትድርና የተመለሰ ልጅ ነው። አልማዝ ባለጭራ ከጎኑ ተነስቶ ጀርባውን ሞልቶታል። ደሙ አዲስ አበባ ተልኮ የኤድስ ውጤት ከመጣ ወዲህ ጽዳቶቹ ክፍሉን የሚጠርጉት በር ላይ ቆመው ነው። ቁስሉን የማጥበው እኔ ብቻ ነኝ። ደክሞኛል።

ማክሰኞ

የቀረኝ፦ ፋሻ ጥቂት። ጂቪ፣ ሐምራዊው የቁስል መድኃኒት፣ ግማሽ ጠርሙስ። ጓንት ሦስት ጥንድ፣ አንዱ አውራ ጣቱ ጋ የተቀደደ። ቫዝሊን የለም።

ፋሻው ደርቆ ተጣበቀ። በጨው ውኃ እያራስኩ ሳላቅቀው አዲሱን ቆዳ ይዞ መጣ። ልጁ ፎጣ ነክሶ አለቀሰ፤ እኔም ከእሱ ባልተናነሰ።

ከሰዓት ስብሰባ ነበር፣ ስለ ምርት ዘመቻ። እንቅልፍ ወሰደኝ። ማንም ያየኝ አይመስለኝም።

ረቡዕ

ኃላፊው ጠራኝ። ሌሎቹ በሽተኞች አቤት ብለዋልና ልጁ ቅዳሜ ይውጣ አለ። ቤት ማን ያጥብለታል ስለው «እናት አለው አይደል፣ ጓድ?» አለኝ። ለክርክር አቅም አልነበረኝም።

አንሶላውን ስገልጥ ቅጠሉ ተመልሶ ቁጭ ብሏል። እናትየው ደብቀው አንጥፈው ሄደዋል። ልጥለው ስስበው ያለ ምንም ችግር ተላቀቀ። ቆዳው አልተከተለውም። ማቴዎስም አልጮኸም።

ሐሙስ

እናትየውን ቅጠል ጨምረው እንዲያመጡ ለመንኳቸው። የሰኞውን ምንም አላነሱብኝም። አፍልቼ አቀዝቅዤ አነጠፍኩለት። በሳምንቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በጀርባው ተኛ።

ግን እሳቸውም በባዶ እጃቸው ቁስሉን መጥረግ ጀመሩ። ጣታቸው እንሰት ሲፍቁ ኖረው ስንጥቅጥቅ ያለ ነው፣ አንዱ ይደማል። እጃቸውን ያዝኩት። በሲዳምኛ ልጁን አንድ ነገር ጠየቁት። ምን አሉ ስለው፣

«ሲስተር ለምን ጎማ ታጠልቃለች ነው የምትለው። እባክዎ አይንገሯት። የበሽታውን ስም ከሰማች ጎረቤት ፊት ቀና ብላ አትሄድም።»

ብነግራቸውስ በማን አፍ? የሚያስተረጉምልኝ እሱው ነው።

ዓርብ

ቀኑን ሙሉ ሳስበው ዋልኩ። ምንም አላደረግኩም።

ቅዳሜ

ሁለቱን ደህና ጓንት ከዋርዱ ወሰድኩ። የሚጠይቀኝ ካለ ተቀደደ እላለሁ።

በእናትየው እጅ ላይ ጣት በጣት አጠለቅኩላቸው። ሳቁ። አጥበው፣ ፓውደር ነስንሰው፣ ጥላ ሥር እንዲሰቅሉት አሳየሁ። ከዚያ ለማቴዎስ «ያለዚህ ቁስሉን እንዳይነኩ፣ እጃቸው እስኪድን በተለይ፣ በልልኝ» አልኩት።

እኔ ያልኩት አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። እሱ ብዙ ተናገረ፤ መሬት መሬት እያየ፣ እየቆመ፣ እንደገና እየጀመረ። እናቱ ሳቃቸውን አቆሙ። የለበሱትን ጓንት አገላብጠው አዩት። ከዚያ የአንዱን እጅ አውልቀው ጉንጩን ዳበሱት።

ጉንጩ ቁስል የለውም። እጃቸውን አልያዝኩም።

ምን ብሎ እንደነገራቸው አልጠየቅኩትም። ቅጠላቸውን ጠቅልለው፣ ልጃቸውን ደግፈው፣ ወደ ቱላ ሄዱ።