በሐሰት የመሰከረው መለኪያ

እህት ዓለም፣

አፈር ሲደርቅ የሚጮኸውን የእርጥበት መለኪያዬን ወጥ ቤት፣ ውሃ በሞላ ብርጭቆ ውስጥ ተነክሮ አገኘሁት። እሱ ከብርጭቆው ሆኖ «አፈሩ ርሷል» እያለ ወደ ስልኬ ሲልክ፣ እኔም መሥሪያ ቤት ተቀምጬ ሳምነው፣ የቲማቲም ችግኞቼ በቁማቸው ደረቁ።

«ጩኸቱ እንቅልፍ ነሳኝ» ብትዪኝ ምን ነበረበት?

ለነገሩ ብለሽኛል። ደጋግመሽ።

ቢሆንም ነቅለሽ ብትወረውሪው በታገሥኩሽ ነበር፤ አንቺ ግን በሐሰት አስመሰከርሽው። ቲማቲሙ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የዘራሁት ነገር ነበር።

ከግድግዳው ሥር ያሉት ጥቂቶቹ ገና ነፍስ አላቸው። ከሌሊት ተረኝነትሽ ስትመለሺ፣ ሳትተኚ፣ በዚያው ብርጭቆ አጠጪያቸው። ቅጠሉን ሳይሆን ሥሩን።

የመለኪያውን ባትሪ አውጥቼ ይዤው ሄጃለሁ።

ዛሬ የሚቀሰቅስሽ የለም።