ሁለት ጣት በዱላዋ ላይ

ጥቅምት 8፣ ዓርብ። ከቀኑ 9 ሰዓት።
ዛሬም የአውሮፕላኑን መሪ ዱላ ተጫንኳት። ሁለተኛ ፈተና፣ ሁለተኛ ውድቀት። የመጨረሻው ማክሰኞ ነው፤ ያንንም ከወደቅኩ ከበረራ ት/ቤቱ መሰናበት። ደብተሬ፣ ጥፋቱ የዱላዋ አይደለም። በጉልበቶቼ መካከል የቆመች አጭር ብረት ናት። ወደ ፊት ሲገፏት አፍንጫው ይደፋል፤ ወደ ኋላ ሲስቧት ሰማዩ ይቀርባል። ያን ሁሉ ብረት የምታዝ እሷ! እኔ ግን አውሮፕላኑ በተናጠ ቁጥር እንደ እርፍ ሙሉ ክብደቴን እጥልባታለሁ። የገበሬ ልጅ አይደለሁ? አሠልጣኜ ሻ/ል ታደሰ ከኋላዬ ወንበር ላይ ናቸው። የእሳቸው ዱላ ከእኔዋ ጋር ስለተያያዘች ጉልበታቸውን መታሁት። በሁለት ጣት ያዝ ብለው ጮኹ።

ጥቅምት 10፣ እሑድ። ሱሉልታ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ።
በሬዎቹ አርፈዋል። ለአባባ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ በእርፉ አመካኘሁ። ሳቁብኝ። እርፍም በጉልበት አይያዝም፣ አንተ ስታርስም ከፍርሃት የተነሳ ትጫን ነበር፣ በሬዎቹን ገደልካቸው አሉ። አፈርኩ። ጎረቤታችን ኦቦ ገመቹ አካም ጂርታ ብለው ሰላምታ እየሰጡ ገቡ፤ አውሮፕላኑ ጅራፍ አለው ወይ ብለው ጠየቁ። በሁለት ጣት ነው የሚመራው ስላቸው «ያ ዋቃ!» ብለው አምላካቸውን ጠሩና ጣቶቼን ይዘው ገልብጠው አዩ።

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ። ቀትር።
አለፍኩ! ግን ስማኝ።
ከሱሉልታ ሜዳ በላይ ነን። ሁለት ጣት። ሁሉ ደህና። ድንገት ከእንጦጦ ጀርባ ነፋስ መጣ፤ አውሮፕላኑ ቁልቁል ተወረወረ። ዱላዋን ለቀቅኩ። በሁለት እጄ ማተቤን ጨበጥኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሚካኤል አልኩ።
ስገልጥ ክንፎቹ ቀጥ ብለዋል። ዱላዋ ማንም ሳይነካት ቆማለች፣ ትንሽ ትንሽ ትንቀጠቀጣለች። የኑጉ ማሳ ከታች ቢጫ። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። አውሮፕላኑ መብረሩን ያውቃል! ሳስቸግረው የኖርኩት እኔ ነኝ። ቀስ ብዬ ያዝኳት፤ በሁለት ጣት አሳረፍኩ።
ሻ/ል ከኋላ ሆነው እጄን አያዩም፣ ዱላቸውን ብቻ። ያ ሁሉ ነፋስ ሲመጣ ዱላዋን አልተጫንካትም፣ እንዲህ ያለ ቀላል እጅ አላየሁም አሉ። ጓደኞቼ ተሸከሙኝ። ዱላዋን መልቀቄን ግን ለማንም አልነገርኩም።

ጥቅምት 13፣ ረቡዕ። ጠዋት 1 ሰዓት።
የማለፊያ ወረቀቱ ዛሬ ይፈረማል። ሌሊቱን ሙሉ አሰብኩ፦ ዝም ብል ማን ያውቃል? ነገ ግን ከኋላዬ ሰው ይቀመጣል፤ እጄን አምኖ። እንደገና ፈትኑኝ እላለሁ። ካባረሩኝም ይባረኩ።
በሻ/ል በር ላይ ነኝ። ብዕራቸውን ሳያነሱ እነግራቸዋለሁ፦ ያ ቀላል እጅ፣ ሻምበል፣ የማንም አልነበረም።