ሰንሰለቱን ያስፈታኸው አንተ ነህ

ለወንድሜ ያሲን፣ ሪያድ

አሰላሙ ዓለይኩም። ሰላምታ የአላህ ነውና አልነፍግህም። ጤናህ እንዴት ነው? ያ ወገብህስ ተሻለህ? ሙቀቱ በረድ አለልህ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማም ደህና ናት፤ ብርዱ ጉልበቷን ብቻ ያስቸግራታል። እንግዲህ የታላቅነቴን ጠየቅኩ፤ ከዚህ በኋላ የምጽፈው የንዴቴ ነው። በስልክ እንዳልነግርህ ስትቆጣ ትዘጋዋለህ። ወረቀት ግን ብትቀድ እንኳ አንብበህ ነው የምትቀደው። ለእረፍት ከሪያድ የመጣችው ፊርደውስ ወደዚያ ስትመለስ በእጅህ እንድትሰጥህ አደራ ብያታለሁ።

አንተ ለሰው የምታወራው ሌላ ስለሆነ፣ የሳር ማጨጃውን ነገር ከመነሻው ልንገርህ። ሳትገዛው በፊት፣ ትራክተራችን ትንሽ ነው፣ ጠበብ ያለውን ላክ ብዬህ ነበር። ሾፌራችን ሳዲቅም ነግሮሃል። አንተ ግን «በመካነ ሰላም የሚበልጠው አይኑር» ብለህ ሰፊውን ላክህ። ገጥመን ስናነሳው የትራክተሩ የፊት ጎማ ከመሬት ለቀቀ። ሳዲቅ ከፊት የአሸዋ ጆንያ አስሮ፣ በግማሽ ስፋቱ ብቻ እያጨደ፣ ቀስ በቀስ ለመደው። በየጠዋቱ ግራሶ ይቀባዋል፣ ብሎኑን ያጠብቃል፣ ሜዳውን በእግሩ ዞሮ ድንጋይ ይለቅማል። ሁለት ሳምንት ያለ እንከን ሠራን።

ከዚያ ደወልክ። ሥራው ለምን ተጓተተ ብለህ ጮህክ። ሳዲቅ፣ ረጅሙ ሳር ከማጨጃው ኋላ በተንጠለጠለው ሰንሰለት ላይ እየተጠመጠመ አስቸገረኝ አለህ። «ፍታውና ጣለው!» አልከው። ሰንሰለቱ ምላጩ የሚወረውረውን ድንጋይ የሚያስቀር ነው፣ ያለሱ ሰው ይጎዳል ብሎ ለመነህ። «ካልፈታህ ቁልፉን ለሌላ ሾፌር አስረክብ» አልከው። የስልኩ ድምፅ ተከፍቶ ነበር፤ አጠገቡ ቆሜ ሁሉንም ሰምቻለሁ። ሳዲቅ የአምስት ልጆች አባት ነው፤ ፈታው። መፍቻውን ያቀበልኩት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ጎረቤታችን አሳምነው ከድንበሩ ወዲያ ድርቆሹን ይከምር ነበር። ምላጩ ሳር ውስጥ የተሸሸገ ድንጋይ መታ። ድንጋዩ ከወንጭፍ እንደወጣ ተስፈንጥሮ ቅልጥሙን ሰበረው። ጩኸቱ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። በቃሬዛ ተሸክመን መኪና መንገድ አወጣነው፤ ደሴ ወስደውት አጥንቱ ውስጥ ብረት ገባለት። ስነግርህ ምን አልክ? «ማን እዚያ ቁም አለው?» ያሲን፣ ሰውየው የቆመው በገዛ መሬቱ ላይ ነው! አባታችን ሲሞት መቃብሩን ከቆፈሩት አንዱ እሱ ነበር።

ይህም አልበቃህ ብሎ ጉዳዩን ለያዙት ሽማግሌዎች ደወልክ፤ ሳዲቅ በራሱ ፈቃድ ፈታው እንጂ እኔ የማውቀው የለም አልክ። ሽማግሌዎቹ አስጠሩኝ። «ፈይዛ፣ ወንድምሽ የሚለው እውነት ነው?» አሉኝ። እማ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። «ውሸት ነው። ያዘዘው እሱ ነው፤ መፍቻውን ያቀበልኩት ደግሞ እኔ ነኝ» አልኩ። እማ ሻሿን ፊቷ ላይ ጣለች። ሦስት ቀን አላናገረችኝም። ወንድሟን ለሰው አሳልፋ ሰጠች የሚሉኝም አሉ። ይበሉ።

አሳምነው እግሩ እስኪጠና ድረስ እርሻውን እንድናርስለት፣ ሳሩንም እንድናጭድለት ተፈረደብን። ያንስብናል። ሰንሰለቱን በገዛ እጄ መልሼ አሰርኩት። የጎበጠውን ምላጭ ስንቀይር፣ አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ከሆነ ማሽኑ ይንቀጠቀጣል ስላለ ሳዲቅ፣ ሁለቱንም ቀየርን። ሳዲቅ ከሥራው አይነሳም። ከእንግዲህ በዚህ ማሽን ላይ የማዝዘው እኔ ነኝ፤ ካልተዋጠልህ መጥተህ ንዳው። ለእኔ አትደውል። መጀመሪያ ለአሳምነው፣ ቀጥሎ ለሳዲቅ ደውልና «አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ» በላቸው። ለሽማግሌዎቹም የዋሸኸውን በራስህ አፍ አንሳ።

እማ ዱዓዋ አልተቋረጠብህም። ልጄ ፋሩቅ አጎቴን ሰላም በይልኝ ብሏል። የአሳምነው ሚስት የትምወርቅ እንኳ፣ ደግ ናትና፣ «በሰው አገር ደህና ይሁን» ብላሃለች። አሳምነውን፣ ለያሲን ምን ልበልልህ ብዬ ጠየቅኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እህትህ ፈይዛ
መካነ ሰላም፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.